ባቡር ያስተከላቸው ዛፎች

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ አባቴ ጓሮ ሆነው ችግኝ ውሃ ያጠጡ ነበር። እኔ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አገር ያስለቀቀኝን ነገር እንዲያ ሲንከባከቡት ሳይ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ። «አባባ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» ብላቸው፣ «ይህችን መስመር ልጨርስና ዱአ አደርግልሃለሁ፤ አብሽር!» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ ዳር፣ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ከቤታችን ጀርባ አንዲት የአትክልት መሬት ነበረችን። ቲማቲማችንና ሽንኩርታችን ደሴ ገበያ ድረስ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ቀያሾች መጥተው ችካል ቸክለው ሄዱ። ባቡር ሊያልፍብን ነው ተባለ። መሬት ሲወሰድ ካሳ አለ፤ በካሳ ላይ ደግሞ ዛፍ ከሽንኩርት ይበልጣል ተባለ። ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ችግኝ ፍለጋ ተሯሯጠ። አባቴም ሽንኩርቱን ነቅለው ፓፓያ፣ ዘይቱንና ማንጎ እንደ ጎመን አጣብቀው ተከሉ።

ባቡሩ ግን ሐሳቡን ቀየረና በጋራው ጀርባ ዞረ። ካሳው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሽንኩርቱም የለም፤ ችግኝ ደግሞ ወጥ አይሠራም። «እንንቀላቸውና እንደ ድሮው ሽንኩርት እንትከል» ብላቸው፣ «ነፍስ ያለው ነገር? ወላሂ አልነቅልም!» አሉ። ሽንኩርቱ ነፍስ አልነበረውም እንዴ ልል ፈልጌ አፌን ያዝኩ። ቤቱን የሚያበላ አንድ ሰው መሄድ ነበረበት፤ ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ወደ ጅቡቲ በሚያስገባው ጋላፊ ድንበር ላይ ኃላፊው ወረቀቴን አገላብጦ አየና «ሥራህ?» አለኝ።

«ገበሬ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኛ ዘንድ ምን ልታርስ ነው? ባሕሩን?»

«መሸከምም እችላለሁ።»

«እንደሱ በል!» ብሎ ማኅተሙን መታልኝ።

ወገኖቼ፣ የጅቡቲን ሙቀት በምን ላስረዳችሁ! ደሴ ላይ በነሐሴ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው እዚህ ቢመጣ ቆዳውንም አውልቆ መስቀል ያምረዋል። ከምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳማ የምድጃ አፍ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። ባልባላ የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ሐጃ ፋጡማ አማርኛቸውን የተማሩት ከእኛ አገር ሾፌሮች ነው። ቁልፉን እየሰጡኝ «ጣራው ለብቻው ይከፈላል» አሉኝ።

«ታዲያ ያለ ጣራ ነው እንዴ ያከራዩኝ?»

«ከጣራው ሥር ዕቃህ ያድራል። አንተ የምታድረው ላዩ ላይ ነው።»

«እንግዲያውስ ጣራውን ብቻ ልከራይ።»

«ዕቃህንስ የት ልታደርገው ነው?»

ተሸነፍኩ። አንድ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ለመተኛት ሞክሬ እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝ።

ቁርስ ላሆህ ይበላል፤ እንደ እንጀራ ዓይን አለው፣ ግን ጎምዛዛነቱ የለም። ቲማቲሙ ከእኛው አገር በጭነት መኪና ይመጣል። እንደ እኔው ደክሞት ነው የሚደርሰው።

ወደብ ላይ ዕቃ አውራጅና ጫኝ ሆንኩ። አንድ ቀን ሳጥን ስንጭን ሾፌሩን «የት ነው የምትወስደው?» አልኩት። «ኮምቦልቻ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊከፈት ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና ነው» አለኝ። እኔ ሥራ ፍለጋ ከኮምቦልቻ መጣሁ፣ ሥራው በእኔ ትከሻ ተጭኖ ኮምቦልቻ ሄደ! ሳቅኩ፣ ሳቅኩና ከፋኝ።

ፓርኩ ሲከፈት እህቴ ዘይነባ ተቀጠረች። ግቢው አዲስ ነውና ጥላ የለውም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኞቿን ይዛ እዚያው አጠገብ ወዳለው ጓሯችን መምጣት ጀመረች። ዛፎቹ አድገዋል። አባቴ አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ፣ ፓፓያና ዘይቱን መሸጥ ጀመሩ። ቤቱን ሙሉ በሙሉ ባይችልም አንድ ጎኑን ደገፈው። ከከተማው የመጡ እንግዶችም «አረንጓዴ ልማት ማለት ይህ ነው! አርቆ አሳቢ አባት!» እያሉ ፎቶ አነሷቸው። አባቴ ለምን እንደተከሏቸው ትንፍሽ አላሉም። ዘይነባ ናት በስልክ እየሳቀች የነገረችኝ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወልኩ። «ቀያሾች መጡ» አሉኝ አባቴ።

«ደግሞ ለምን?»

«መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ዛፎቹ ይቆረጣሉ አሉ። ፈርም፣ ደህና ካሳ አለህ አሉኝ።»

ልቤ ዘለለ። በዚያ ካሳ አገሬ ገብቼ ትንሽ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ትከሻዬም ያርፋል። «እሰይ! ይፈርሙ እንጂ፣ አባባ!»

ከበስተጀርባቸው የልጃገረዶች ጫጫታ ይሰማኛል።

«ስትሄድ ከጉልበትህ አይበልጡም ነበር» አሉኝ። «አሁን ማንጎው ከቤቱ በላይ ነው። አንተ እዚያ ተሸክመህ ባታበላን ኖሮ ገና ዱሮ ማገዶ ባደረግኋቸው። ዛፎቹ ያንተ ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ከጥላቸው ሥር ሳትቀመጥ አልፈርምም።»

ወደቡ ላይ አንድ ሳምንት የቀረ ሰው ቦታው ይያዝበታል። ቦታዬ ተይዞ አባቴም ሳይፈርሙ ቢቀሩ ቤቱን ማን ይችለዋል? ይህን ለእሳቸው እንዴት ይነገራል?

«መቼ ትመጣለህ?»

«ኢንሻአላህ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህን እኔ እልልሃለሁ» አሉ። «አንተ ቀኑን ንገረኝ።»