ገሱባ ላይ «ጥሩ ነው» የተከለከለበት ቀን

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ስንነሳ መኪናው ውስጥ ሦስት ካርቶን መነጽር፣ ሾፌሩ፣ ኢንግሪድና እኔ ነበርን። ኢንግሪድ ከኖርዌይ በበጎ ፈቃድ የመጣች የዓይን ሐኪም ናት። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት መነጽር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓላማችን ወላይታ ወርደን፣ ገሱባ ላይ ለአንድ ሳምንት በነፃ ዓይን መመርመርና መነጽር ማደል ነበር። ለእሷ ውጭ አገር ነው፤ ወላይትኛ ለማልችለው ለእኔም ከዚያ ብዙ አይለይም። በሙያዬ ግን አልታማም። እኔ የሠራሁት መነጽር ተመልሶ አያውቅም እያልኩ እስከ ሆሳዕና ድረስ ጉራዬን ነዛሁባት።

ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ ተራራ አናቱ ላይ ደመና ጭኖ ነበር። ምሳ ክትፎ በቆጮ በላን፤ ዋጋው እኔ ሰፈር ከሚጠየቀው ግማሽ ቢሆን ነው። ኢንግሪድ ዳጣውን የቲማቲም ስልስ መስሏት በማንኪያ ጎረሰችውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በማግስቱ ወደ ገሱባ ስንሄድ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ አንዱን ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፌ ነው የደረስኩት።

ሰኞ

ሥራ የጀመርነው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ጳውሎስ የሚባል የአካባቢው ወንጌላዊ ያስተረጉምልናል። ለሰዎቹ ሌንስ አደርግላቸውና «ይታያል? ጥሩ ነው?» እላለሁ። «ሎኦ! ጥሩ ነው፣ ተባረክ» ይሉኛል። ሰልፉ ሳይታሰብ አለቀ።

ከመጡት መካከል ወይዘሮ ዶርቃ የተባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፋቸው ነጋዴ ስፌታቸው ስለተጣመመ ሁለት ጊዜ መልሶባቸዋል።

«አሁን ደግሞ ካጣመምኩ ጨርቁ ለሌላ ሰው ይሰጣል» አሉኝ። «ከዛ የስፌት መኪና መሸጥ ነው። ሌላ ምን አለኝ?»

መነጽር መረጥኩላቸው። ጥሩ ነው አሉና ኢንግሪድን ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው «አንተ ዶክተር፣ ከሩቅ መጣህ፣ ጌታ ይባርክህ!» ብለው መርቀው ሄዱ።

ማክሰኞ

ጠዋት ኢንግሪድን ገበያ ልናሳያት ከጳውሎስ ጋር ወጣን። ቆጮ ከሚሸጡት ሴቶች አለፍ ብሎ ወይዘሮ ዶርቃ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው የሰፉትን ይተረትራሉ። መነጽሩ ከእነ ላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሲያዩን ደንግጠው ዓይናቸው ላይ ሰኩት። መርፌና ክር ሰጠኋቸው። አንዴ ሳቱት፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

«ታዲያ ትናንት ለምን ጥሩ ነው አሉኝ?»

ጳውሎስ ነው የመለሰልኝ። «እንግዳ ይሄን ሁሉ መንገድ ለፍቶ መጥቶ አይረባም ይባላል እንዴ? እኛ ጋ ነውር ነው።»

በጣም አፈርኩ። ሰልፉን ያፈጠነው ሙያዬ ሳይሆን የሰዉ ይሉኝታ ነበር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ግን አልቻልኩም፤ ጳውሎስ ዞሮ የሰኞዎቹን በሙሉ መልሶ ጠራልን። አዳራሹ በር ላይ ቆሞም በወላይትኛ አወጀ፦ ዛሬ «ሎኦ» ማለት ክልክል ነው! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መጠየቁን ትቼ ለልብስ ሰፊ መርፌ፣ ለአንባቢ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ለቤት እመቤት የሚለቀም ምስር እሰጥ ጀመር። ከግማሽ የሚበልጡትን መነጽሮች ቀየርኳቸው።

ለወይዘሮ ዶርቃ ሦስተኛው ሌንስ ላይ ክሩ በአንዴ ገባ። መርፌውን ከፍ አድርገው እያዩ «የትናንቱ መጥፎ ነበር!» አሉኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

ዓርብ

ነጋዴው ወይዘሮ ዶርቃ ጋ መጣ። ስፌቱን በጣቱ እየተከተለ አየና ቀሪውን ጣቃ ጨርቅ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠ። ወይዘሮ ዶርቃ ወዲያው መቀስ አነሱ።

ቅዳሜ

ስንመለስ አጆራ ጎራ ብለን መንታውን ፏፏቴ አየን። ኢንግሪድ ፎቶ ታነሳለች፤ እኔ ግን ተመልሶ የማያውቀውን መነጽሬን ሁሉ አስባለሁ። ስንቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይሆን?

ማታ ቤቴ ገብቼ ከእናቴ ጋር ራት በላን። መነጽር ከሠራሁላት ሦስት ዓመት ሆኗል። በጠየቅኋት ቁጥር ጥሩ ነው ትለኛለች። አሁን አልጠየቅኋትም። ዳዊቷን ከፍቼ «እማዬ፣ እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት።

ገጹን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ልፋትህን አይቼ ነው እንጂ ልጄ፣ ከመጀመሪያውም በመነጽሩ አይታየኝም» አለችኝ።