መድኃኒት አይደለም፣ ከመድኃኒት ይበልጣል

ሥራ የጀመርሁት ቡሬ፣ ጋሽ ፈንታሁን ሱቅ ውስጥ፣ በአንድ የገበያ ቀን ነው። ጋሽ ፈንታሁን ሳሙና፣ ቅባትና ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚመጡ የእንክብል ብልቃጦች ይሸጡ ነበር። ሱቁ ፋርማሲ አይደለም፤ ፋርማሲ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ የምንጠይቀው ደንበኛ ብቻ ነበር።

መደርደሪያውን ጠርጌ ሳልጨርስ አንድ ተቆጣጣሪ ገባ። የዓሣ ዘይት ብልቃጥ አንሥቶ «ይኼን መድኃኒት የምትሸጡት በየትኛው ፈቃድ ነው?» አለ።

«መድኃኒት አይደለም ጌታዬ፤ ምግብ ነው» አሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ ሻይ እየቀዱለት።

ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ ወጣ። ብርጭቆው ሳይቀዘቅዝ ከፈረስ ቤት የወረደ ገበሬ ገባና ያንኑ ብልቃጥ አነሣ። «ይኼስ መድኃኒት ነው?»

«ከመድኃኒት ይበልጣል።»

ገበሬው ገዝቶ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ አያሌው? ሰው የሚጠይቀው ለማወቅ አይደለም፤ የሚፈልገውን ለመስማት ነው። በል፣ ትምህርትህን ጨርሰሃል፤ አሁን ጥረግ።»

የቀረው ሙያ የእጅ ነበር። ብልቃጡን ነቅነቅ አድርጎ ማድመጥ፤ ደረቅ እንክብል ይንኳኳል፣ እርጥበት የገባው ዝም ይላል። ማብቂያ ቀኑን በአውራ ጣት ጥፍር ፋቅ ማድረግ፤ ቀለሙ ከተነሣ ያ ቀን የተወለደው ፋብሪካ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። ማዕረጉም ግልጽ ነበር። ከላይ ሻንጣ አምጪው፣ ቀጥሎ አከፋፋዩ፣ ከሥር እኛ ቸርቻሪዎቹ። ከሁላችንም በታች የሚውጠው ሰው አለ። እርሱን በማዕረግ የቆጠረው የለም።

ኋላ ፍኖተ ሰላም የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ይዤ ነው የሄድሁት፤ ሌላ ካፒታል አልነበረኝም። አንዲት እናት በዐቢይ ጾም የዓሣ ዘይቱን እያገላበጡ «ያስገድፋል እንዴ ልጄ?» ቢሉኝ፣ «እማማ፣ ዘይት ከሆነ ወዲህ ዓሣነቱን ረስቷል» አልኋቸው። ገዙ። ኃጢአቱን ለሁለት ተካፍለናል ብዬ አስባለሁ።

ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ እንክብል የመጣው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ገዢዎቹ ሌሊት ሲነዱ አድረው ቀን እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው ሹፌሮች ነበሩ። ጥሩ ዕቃ ነበር። የሠራለት ይተኛል፤ ያልሠራለትም ለቅሬታ አይመጣም፣ ደክሞታል። ከዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ ሰው በየሰዉ ስልክ ላይ ብቅ አለና ይኼው እንክብል ካንሰር ያጠፋል አለ። ነጭ ጋዋን ሥጋ ቆራጭም ይለብሳል። የጠየቀ ግን የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዕቃው ሲወደድ ማን ይጠይቃል?

አንድ ቀን ጋሽ ፈንታሁን ከሱቄ ገቡ። ኮታቸው ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል። አንድ የዕቃ ካርቶን ላይ ቁጭ እንዳሉ ሳል ያዛቸው፤ ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅሁ።

«ያችን ማታ የምትዋጠውን አምጣልኝ።»

«እንቅልፍ እምቢ አለዎት ጋሼ?»

«ሳንባዬ ነው። ካንሰር አሉኝ። ልጆቼ ስሙን ፈርተው ‹ያ ነገር› ይሉታል፤ የጎረቤት ከብት ማሳ የገባ ይመስል።»

«ሕክምናስ?»

«በየሃያ አንድ ቀኑ ባሕር ዳር እየሄድሁ መድኃኒቱን በክንዴ ይሰዱልኛል። ፀጉሬን ወስዶ ማቅለሽለሽ ሰጠኝ። እንዲህ ያለ ልውውጥ በገበያ ዘመኔ አይቼ አላውቅ።» ብልቃጡን ነቀነቁና አደመጡ። በጥፍራቸው ፋቁ። ቀለሙ አልተነሣም። «ይኼ መድኃኒት ነው?»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «መድኃኒት አይደለም ጋሼ፤ ከመድኃኒት ይበልጣል።»

ሁለታችንም ሳቅን። የሳቅነው በአንድ ነገር መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጃቸው የሺ ደወለች። «ጋሽ አያሌው፣ አባባ ግሽ ዓባይ ጠበል ገብተዋል። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ካለፈ ስምንት ቀኑ። ‹ጠበልና መድኃኒት አይቀላቀልም› ብለው እምቢ አሉ።»

«እኔ የሰጠኋቸውንስ?»

«እሱን ይውጣሉ። ‹አያሌው መድኃኒት አይደለም ብሎኛል› ይላሉ።»

መንገድ በተከፈተ ቀን ቡሬ፣ ከቡሬ ቲሊሊ፣ ከቲሊሊ ግሽ ዓባይ ደረስሁ። ጋሽ ፈንታሁን ነጠላቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሺ አጠገባቸው ናት። ብልቃጤ ከጠበሉ ጀሪካን ጎን ቆሟል፤ ጎረቤት ሆነዋል።

«ለምን መጣህ? ሱቁን ማን ይዞልሃል?»

«ጋሼ፣ ይነሡ። ባሕር ዳር እንሂድ።»

«ስማ እንጂ» አሉ፣ እንደ ድሮው ጣታቸውን እየቆጠሩ። «ጠበሉ መድኃኒት ጣልቃ ሲገባበት አይወድም። ያንተ መድኃኒት አይደለም። ከመድኃኒትም ይበልጣል። ታዲያ ምን ጎደለኝ?»

«ያንን ቃል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ!»

«አስተምሬሃለሁ። ለገበያተኛ ነው ያስተማርሁህ። ለእኔ ትዋሸኛለህ ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ሰላሳ ዓመት ባንኮኒ ላይ ተደግፌ ያልወጣኝ ቃል እዚያ ወጣኝ። «እንቅልፍ ያመጣል ጋሼ። ከዚያ ያለፈውን አላውቅም። አላውቅም ነበር።»

አጥማቂው ቄስ ከኋላችን ቆመው ይሰሙ ኖሯል። «ሐኪም ይቅርብዎ ያለዎት ማን ነው?» አሉ።

ጋሽ ፈንታሁን በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። የሺም አየችኝ። ጠበልተኛው ሁሉ አየኝ።

«ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው» አሉ ቄሱ። «ሂዱና ታከሙ። ጠበሉ የትም አይሄድም።» የእኔ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ያበላሹትን እርሳቸው በሦስት አቀኑት፤ ያውም በነፃ።

ባሕር ዳር ሐኪሟ ወጣት ናት። «ከሰጠንዎ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም» አሉ ጋሽ ፈንታሁን፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። ተቆጣጣሪ ለማለፍ የኖሩበት ሙያ ነው።

ብልቃጡን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርሁት። ጀርባውን አነበበች።

«ለእንቅልፍ የሚረዳቸው ሰዎች አሉ። ካንሰር ላይ ምን እንደሚያደርግ ገና እየተጠና ነው፤ ተረጋግጧል የሚላችሁ ሰው ካለ ሻጭ ነው።»

«ሻጩ እኔ ነኝ» አልሁ።

አላሳቃትም። «አባቴ፣ እርስዎ የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ይኼ ከእሱ ጋር ሊጣላ ይችላል፤ ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ቀጠሮ አሳልፈዋል። እባጩ እርስዎን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።»

ጋሽ ፈንታሁን ያን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያም ብልቃጡን በአንድ ጣት ወደ እርሷ ገፋ አደረጉት።

ሕክምናው ቀጠለ። ሜላቶኒኑን ለጊዜው አስቆመቻቸው፤ ደማቸውን እያየች ቆይታ ትንሿን መጠን ለእንቅልፍ ብቻ ፈቀደች፣ ካርዳቸው ላይም ጻፈችው። ዙሩን ጨርሰዋል። እባጩ አልጠፋም፤ ማደጉን ግን ለጊዜው ትቷል። ከዚህ በላይ ቃል የገባልን የለም።

አሁን አልፎ አልፎ ከቡሬ እየመጡ ካርቶኑ ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው አንድ ሰውዬ ብልቃጡን አንሥቶ «መድኃኒት ነው?» አለኝ።

«ለእንቅልፍ ነው። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለህ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን አሳየው።»

ሰውዬው ብልቃጡን መልሶ ጎረቤቴ ሱቅ ገባ። «ከመድኃኒት ይበልጣል» ሲባል በግድግዳው በኩል ሰማን።

«ንግድ አስተምሬህ ነበር» አሉ ጋሽ ፈንታሁን። «አበላሸኸው።» ከዚያ ተነሥተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሰውዬውን ሊጠሩት ቀስ እያሉ ወጡ።

ከሥራዬ ያወቅሁት ይኼን ነው፦ ሻጭም ሲታመም ገዢ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሲሸጥበት የኖረውን ቃል ያምናል።