አንድ መስመር ወደ ኋላ የቀረች ስንደዶ

ባለፈው ሳምንት የድሮውን የጸሎት መጽሐፍ ስገልጥ አንዲት ስንደዶ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ቢጫነቷ ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ጫፏ ላይ ግን የጥርስ ምልክት አለ። የእህቴ ጥርስ ነው።

ቤታችን ከጭድ ተራ ብዙ አይርቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት የጭዱ ሽታ ከአህያ ላብ ጋር ተቀላቅሎ፣ ንባብ እስከሚያስተምሩን የኔታ ደጅ ድረስ ይከተለናል። ያን ጊዜ ልጅ ሁሉ የሚያነበው ጮክ ብሎ፣ በዜማ፣ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ነበር። እህቴ በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ድምጿ ሲወጣ መንገደኛ ሸክሙን አጥሩ ላይ አስደግፎ ይሰማታል። እኔ አጠገቧ ስለምቀመጥ ሌላም ነገር አይ ነበር። ስንደዶዋ ሁልጊዜ ከድምጿ አንድ መስመር ወደ ኋላ ትቀራለች።

አባታችን መርካቶ አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። ከሁለታችን ንባብ የዘለቀችውን ተማሪ ቤት አስገባለሁ ብሎ ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ ሊሰማን መጣ። እኔ እየተንተባተብኩ ጨረስኩ። እህቴ ስታነብ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሰማትና፣ "እሰይ፣ ጉሮሮሽን ይባርከው" አላት። እኔን እንዲያ ብሎኝ አያውቅም።

የኔታ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ገጹ መካከል ላይ አኖሩ።

"እስቲ ከዚህ ጀምሪልኝ።"

ከውጭ የጋሪ ጎማ ሲንጓጓ ይሰማል። እህቴ ስንደዶዋን ነከሰችና ወደ እኔ አየች። ቃሉን አውቀዋለሁ። እንደ ሌላው ቀን ሹክ ብላት ድምጿ ይቀጥል ነበር። ዝም አልኩ።

"ታዲያ ስታታልይኝ ነበር?" አላት አባቴ።

"አላታለልኩም አባባ። በጆሮዬ ነው የያዝኩት። ፊደሎቹ ሳያቸው አንድ ቦታ አይቆሙልኝም።"

"ሰነፍስ አይደለችም" አሉ የኔታ። "ይህን ሁሉ በጆሮ መያዝ ለእኔም ይከብደኛል። ፊደሉ ለምን እምቢ እንዳላት ግን አላውቅም።"

እኔ ተማሪ ቤት ገባሁ፤ እሷ ሱቅ ዋለች። በጥቂት ወራት ጉራጊኛውንም ዓረብኛውንም ከደንበኛ አፍ ለቀመችው። አንድ ጉራጌ ጅምላ ነጋዴ፣ "አንቺ የኛ አገር ልጅ ነሽ እንዴ?" ቢላት፣ "ጎጃሜ ነኝ ጋሼ፤ ምላሴ ብቻ ነው የእናንተ" ብላ አሳቀችው። ሱቅ ሲዘጋ ትምህርቴን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ እሷ ዜማ ታበጅለታለች። ፈተና ላይ የሚመጣልኝ የደብተሬ ገጽ ሳይሆን የእሷ ድምፅ ነበር።

ስለዚያ ቅዳሜ የጠየቀችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ቀን ለቀሚሴ ጨርቅ እየቆረጠችልኝ፣ ቀና ሳትል፦

"ያን ቀን ቃሉን ታውቂው ነበር፣ አይደል?"

"አውቀው ነበር።"

"አንቺን መቼ ጠፍቶሽ ያውቃል" አለችና መቁረጧን ቀጠለች። ከለካችው ላይ አንድ ክንድ ጨመረችልኝ።

ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን የልጅ ልጇ እኔ ዘንድ ታጠናለች። አስተማሪዋ ጠርታን፣ ልጅቷን ማንበብ የሚያስቸግራት ነገር ስም እንዳለው፣ ዲስሌክሲያ እንደሚባል፣ ስንፍናም እንዳልሆነ ነገረችን። "ዜማና ቋንቋ ግን በጆሮዋ ቶሎ ትይዛለች፤ አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው" አለች። እኔ ነጠላዬን እያስተካከልኩ ሰማኋት።

ትናንት ስንደዶዋን ለልጅቷ ሰጠኋት። ጫፏን አገላብጣ አየችና፣ "እማማ፣ ማነው የነከሳት?" አለችኝ።

"አያትሽ።"

እንደ ልማዷ በዜማ ማንበብ ጀመረች። መካከል ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ስንደዶዋን ወደ አፏ ወስዳ ወደ እኔ አየች። ጎንበስ ብዬ ቃሉን ጆሮዋ ውስጥ ሹክ አልኳት።