ወይራው ሥር አምስት አምስት ሆነን

ባሌ አኩርፎ ጋፋት ያለው ወንድሙ ቤት ከገባ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተጣላነው በማይረባ ነገር ነው፤ እንግዳ ፊት «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» አልኩት። ብዬዋለሁ፣ አልክድም። ደግሞም አያውቅም ነበር። ሽማግሌዎች እርቁን ለእሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሜዳው ላይ ካለው ወይራ ሥር ቀጠሩልን። በእኛ ሰፈር ባልና ሚስት የሚታረቁት እዚያ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሆነ አንዱ ወገን አሸነፈ ይባላል።

ቅዳሜ ቀበሌው ማስታወቂያ ለጠፈ። በሕዝብ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው ይላል። ዘመኑ ደርግ ነው፤ የተለጠፈን ነገር አንብቦ ዝም ነው። ሦስት ሽማግሌ በእሱ በኩል፣ ሦስት በእኔ፣ እኛ ሁለት፤ ስምንት ሆንን። እርቄ በሦስት ሰው ትርፍ ፈረሰ።

ንድድ አለኝ። የእኔና የዚያ አኩራፊ እርቅ ነው አብዮቱን የሚያሰጋው? የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄጄ ፈቃድ ብጠይቀው «በጽሑፍ አመልክቺ» አለኝ። አስጽፌ ወሰድኩለት። «አጀንዳው ይብራራ» ብሎ መለሰልኝ። ባል እንዴት ነው የሚብራራው?

ከዚያ ወዲያ ቤት ለቤት ዞርኩ። ያልተቃጠለ አልነበረም፤ የድንበር ክርክር ያለበት፣ ላሙ ሰው ማሳ የገባችበት፣ ልጁን ሊድር ያሰበ፣ የሁሉም ጉዳይ ወይራው ሥር ቆሞ ቀርቷል። በአንድ ወረቀት ላይ አውራ ጣታችንን አሳርፈን አቤት ብንል ሊቀመንበሩ መሳቢያው ውስጥ አስተኛው። መላውን ያመጡት የንስሐ አባቴ ናቸው። «የተከለከለው ከአምስት በላይ ነው፤ አምስት አምስት ሆነን እንቀመጣ» አሉ።

በቀጣዩ እሑድ ሜዳው ላይ አምስቱ እዚህ፣ አምስቱ እዚያ፣ የድንጋይ ውርወራ ያህል ተራርቀን ቁጭ አልን። አንዱ ቡድን ያለውን ሌላው እንዲሰማ መጮህ ነበረብን፤ የከብት ገበያ መሰልን። ባሌም መጥቶ ዳር ካሉት ጋር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል።

ሊቀመንበሩ ሊበትነን እየተንደረደረ መጣ። የንስሐ አባቴ ብድግ ብለው «በሕግ አምላክ» አሉት። በአገራችን እንዲህ የተባለ ሰው፣ መንገደኛም ቢሆን፣ ቆሞ ዳኝነት ይሰጣል። ካድሬ ይሁን እንጂ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ ቀጥ አለ።

«ልጄ፣ እነዚህ ባልና ሚስት ተጣልተዋል፤ ዳኛቸው» አሉት።

አፍሮ ተቀመጠ። እኔን ሲጠይቀኝ ሩቅ ያሉት አልሰማንም ብለው ጮኹ። «ታዲያ ጠጋ በሉ እንጂ» አላቸው። ሁሉም ተጠጋ። ደንቡን ያፈረሰው ራሱ ነው፤ ማክሰኞ ማስታወቂያው ግድግዳው ላይ አልነበረም።

ባሌን ደግሞ «ለምን ቤትህ አልገባህም?» አለው።

ባሌ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ። «እርቁ የቀረ ዕለት በሯ ድረስ ሄጄ ነበር። ግባ እስክትለኝ ጠበቅሁ፤ ዝም ስትል ተመለስኩ።»

ያን ዕለት ሳሉን ሰምቻለሁ። እስኪያንኳኳ ብዬ ከበሩ ኋላ ትንፋሼን ውጬ ቆሜ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው ከቤቱ ያወጣሁት «ግባ» ማለት አቅቶኝ ነው።

«ተነሣ፣ እንሂድ» አልኩት ባሌን። ጋቢውን አራግፎ ተከተለኝ።