ግራዋ የለመነችው ሩት

ትናንት የልጅ ልጄ ጓሮ ቁጭ ብላ እንስራውን በግራዋ ስታሽ፣ ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሩት ፊቴ ድቅን አለች።

ያኔ በጃንሆይ ዘመን፣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ከሚሴ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ሩት ከባሕር ማዶ የመጣች ወጣት አስተማሪ ናት። ከግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራይታ፣ በሽቦ አልጋዋና ብርጭቆው በተሰነጠቀ ፋኖሷ ትኖር ነበር። ከአፏ አማርኛው ተሰባብሮ ይወጣል፤ ሰላምታውን ግን በኦሮምኛ አሳምራ ትሰጥ ስለነበር አሮጊቶቹ ይወዷታል።

አንድ የበልግ ሰሞን እንጀራ አልበላም አለች። እናቴ ትኩሱን ስታቀርብላት "እማ ከድጃ፣ ይቅርታ፣ እርሾ ያለው አልችልም" ብላ ትመልሳለች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጎረቤታችን ወደ ዘሃራ ጓሮ ሄዳ ግራዋ ለመነቻት። ለእንስራ ማጠቢያ ቢሆን ማን ልብ ይለው ነበር? "ልበላው ነው" አለቻት።

ዘሃራ ቅጠሉን ቀጥፋ ሰጠቻትና ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ እኛ ቤት ከነፈች። አባቴ ዐሱርን ሰግዶ መመለሱ ነበር።

"ማሎ! እንጀራ ያስጠላት፣ መራራ ያማራት ልጃገረድ ምን ትባላለች? ግራዋ ደግሞ ምን እንደሚያስወርድ እኛ ሴቶቹ አናውቅም?"

የአባቴ ፊት ጠቆረ። "አስተግፊሩላህ! በኔ ግቢ? ሳይመሽ ትውጣልኝ።"

"ኧረ አንቱ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ጠይቋት" አለች እናቴ።

"ምን ብዬ? ሴት ልጅ ይኼን ትጠየቃለች? ነውር ነው!"

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መጠየቅ ነውር ሲሆን መፍረዱ ነውር አልሆነም።

አልጋዋን የሚጭን ጋሪ ተጠራ። ፈረሱ በራችን ላይ መሬቱን በኮቴው ይደበድባል። አባቴ የሩት ደጃፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ውጪ ማለቱ ከአፉ አልወጣለት አለ። እናቴ ከኋላው ከንፈሯን ነክሳለች። ዘሃራ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላለች። እኔ በአባቴ ክንድ ሥር ሾልኬ ገባሁ። ሩት ምንም አልሰማችም፤ ሣጥኗ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ቂጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨው የተበጠበጠበት ውኃና ያንን ግራዋ ትደረድራለች።

"ሩት፣ ግራዋ ለምንድን ነው የምትበዪው?" አልኳት።

እናቴ "ውይ!" ስትል ሰማኋት። ሩት አልጋዋ ላይ ቁጭ አለችና አፏን ያዘች። ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ ወረደ።

"ጠይቂ ብሎ ማን ነገረሽ? እኔ አይሁድ ነኝ፤ ዛሬ ማታ ፋሲካችን ነው። ይህን የምትጠይቀው የቤቱ ትንሿ ልጅ ናት። ልጅ ካልጠየቀ በዓሉ አይጀመርም። እዚህ ግን ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።"

ከዚያም በተሰባበረ አማርኛዋ ነገረችን። ወገኖቿ ለፈርዖን ባሪያ ነበሩ፤ ግራዋው የዚያ ምሬት ነው። ነፃ ሲወጡ ሊጣቸው እስኪቦካ አልጠበቁም፤ ስለዚህ ቂጣ።

"ነቢ ሙሳ?" አለ አባቴ።

"አዎ፣ ሙሴ።"

አባቴ ለባለጋሪው በእጁ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠው።

"ታዲያ ፈረሴን ያቆማችሁት ለነቢ ሙሳ ነው?" አለ ባለጋሪው እያጉረመረመ።

አባቴ ግን በዚያ አላበቃም። ምን ጠርጥሮ እንደመጣ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። "አውፍ በይኝ ልጄ፣ ማሪኝ" አለ። ሩት ፊቷ ደም መሰለ። በመጨረሻ የሣጥኑን ጥግ በእጇ ጠረግ አደረገችና "ይቀመጡ፣ አባ" አለችው።

ተቀመጠ። ቅጠሉን ጨው ውኃ ነክሮ ሲያኝክ ፊቱ ተጨማደደ። ዘሃራም ከአጥሩ ወርዳ ገብታ ቀመሰች። "ለነቢ ሙሳስ ቢሆን፣ ትንሽ ማር ቢጨመርበት ምን ይለዋል?" አለች።

በዓመቱ ሩት ወደ አገሯ ሄደች። እኔም አራተኛ ክፍል ላይ ተዳርኩ፤ ያስተማረችኝን ፊደል እንኳ ግማሹን ረስቼዋለሁ። በቤቴ ግን ትልቅ ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ፣ ትንሿ ልጅ ብድግ ብላ "ለምን?" ትላለች፤ ማንም ዝም አያሰኛትም። ጎረቤቶቼ የልጅ ልጆችሽ ስድ ናቸው ይሉኛል። ይበሉ።