መስኮቱ የተዘጋበት ቀን

ከጋሽ ፍሬን ጋር በአንድ የመኪና ማሰልጠኛ አስራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እሱ በነጯ መኪና፣ እኔ በቀይዋ። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሰው ገና መሪ ሳይጨብጥ «ፍሬን! ፍሬን!» ማለት ይወዳል። ግን እሱን የመሰለ አስተማሪ ከየት ይመጣል! መሪ ሲያይ የሚንቀጠቀጠው ሁሉ የሚላከው እሱ ዘንድ ነበር፤ በወሩ እያፏጨ ይነዳል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ምን እንደመጣበት እንጃ፣ ተማሪዎቹ ይወድቁ ጀመር። ያውም ሁሉም አንድ ቦታ ላይ፤ ወደ ኋላ ነድቶ በኮኖች መሀል ማቆም ላይ። ጋሽ ፍሬን መስታወት ቢያስተካክል፣ ኮኖቹን ቢያራርቅ፣ ድምፁን ቢያለሰልስ ወይ ፍንክች!

ምክንያቱን ከእሱ በቀር ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። አፉ ይሸት ነበር። ወደ ኋላ ሲነዳ አስተማሪው ወደ ተማሪው ዘንበል ብሎ መስታወቱን ማሳየት አለበት። እሱ ዘንበል ሲል ተማሪው ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሹን የያዘ ሰው ደግሞ ቀኝና ግራውን የሚለይበት ጊዜ የለውም፤ ቶሎ ጨርሶ አየር ለማግኘት ሲጣደፍ ኮኑን ይደፋዋል።

ማንም ተማሪ ነጯ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮቱን ማውረድ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም። ጋሽዬ ደግሞ ይህንን በራሱ ሙያ ተረጎመው። «ፍርሃት ያሞቃል፤ ክፈቱት፣ ክፈቱት፣ ንፋስ ይግባ!» ይላቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ አፍንጫም ያው ነው! ሚስቱ በሦስት ወር ውስጥ አራት የጥርስ ሳሙና ገዝታ ብታስቀምጥለት እንኳ፣ ቅናሽ አግኝታ መሰለው።

እኔስ? እኔማ ምሳ ስንበላ ፊት ለፊቱ መቀመጥ ትቼ ከጎኑ መቀመጥ ጀመርኩ። ወንድምነቴ እዚህ ድረስ ነበር። «ይቀየመኛል» እያልኩ ሰባት ወር ሙሉ ዝም አልኩ። ዛሬ ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

አንድ ቀን አለቃችን ጠራው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሴትየዋ ለአራተኛ ጊዜ ከወደቁ ከመኪናው ያወርደኛል» አለኝ። «ክፍል ገብቼ የመንገድ ምልክት በሰሌዳ ላስተምር ነው። አስራ ስምንት ዓመት መሪ አጠገብ ኖሬ ጠመኔ ልያዝ? ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ።»

ሴትየዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ሦስት ጊዜ ኮን የደፉ።

በማግስቱ ዝናብ ነበር። መስኮቱ ክፍት፣ የሴትየዋ እጅጌ ርሷል። ጋሽ ፍሬን ዘንበል ብሎ «መሪ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ!» ሲል፣ ሴትየዋ ፍሬቻ አሳዩ፣ ዳር ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ሞተር አጠፉ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል አሳምረው አቁመው አያውቁም።

«እትዬ፣ ምነው? ቁሙ አላልኩም እኮ!»

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት የሕፃን አፍንጫ ስጠርግ ኖሬያለሁ፤ አላፍርም» አሉት። «አፍህ ይሸታል። ስትጠጋኝ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ትንፋሼን ስይዝ የምትለውን አልሰማም። ሦስቴ የወደቅኩት ትምህርቱ ሳይገባኝ ነው። ቀድሜ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው። አንተ ጎበዝ አስተማሪ ነህና ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

የጋሽ ፍሬን ጆሮ ጋለ። ከዚያ ቀና ብሎ የሴትየዋን እርጥብ እጅጌ አየ።

«መስኮቱ!» አለ። «ለካ ሙቀት አይደለም!»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እሱ አልደበቀም፤ የዚያኑ ቀን ከሰዓት የጥርስ ሐኪሟ ወንበር ላይ ተጋደመ። ሐኪሟ ድዱን ነካ ነካ ስታደርገው ደማ። ከጥርሶቹ ሥር ዓመታት የጋገሩት ቆሻሻ አለ፤ አንዱ መንጋጋ ደግሞ ተቦርቡሮ ምግብ ያጠራቅማል።

«በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሥራ ላይ? ጠብታ አልቀምስም!»

እዚህ ላይ የእኛን ሙያ ጉድ ልናገር። ተማሪ በተማሪ ላይ ነው የሚመጣው፤ መንገድ ላይ ሽንት ቢይዝህ የት ትሄዳለህ? ስለዚህ አስተማሪ ውሃ አይጠጣም። ቀኑን ሙሉ ግን ይለፈልፋል። አፉ ሲደርቅ ሚንት ከረሜላ ይጎርሳል።

ሐኪሟ ሳቀች። «አፍን የሚያጥበው ምራቅ ነው፤ እርስዎ አድርቀውታል። ከረሜላው ሽታውን ለአምስት ደቂቃ ይሸፍነዋል፤ ስኳሩ ግን ጀርሞቹን ይቀልባል።»

የጋገረውን ፍቃ አነሳች፣ የተቦረቦረውን አጽድታ ሞላች። ጠዋትና ከመኝታ በፊት ሁለት ሁለት ደቂቃ መቦረሽ፣ በጥርስ መሀል ክር ማሳለፍ፣ ምላስንም እስከ ኋላ ድረስ ማጽዳት እንዳለበት አስተማረችው። በስድስት ወሩም ተመልሶ እንዲታይ ቀጠረችው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! የውሃ ጠርሙስ በመኪናው በር ኪስ ውስጥ ተተከለ። የሽንቱንም ነገር ዘዴ አገኘለት፤ ነዳጅ ማደያ ገብቶ መውጣትን የትምህርቱ አካል አደረገው። «ማደያ መግባት የማይችል ሹፌር፣ ሹፌር ነው?» ይላል፤ ተማሪው ዳር ይዞ አቁሞ ሲጠብቅ እሱ ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል። ምሳ ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስሰማው ለራሱ እየጮኸ ይቦርሻል፦ «መጀመሪያ መስታወት! አሁን የኋላ ተሳፋሪዎች!» ምላሱ ላይ ሲደርስ «የኋላ ማርሽ፣ ቀስ በል፣ ፍሬን!» ይልና ያስለዋል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ነው ጉዱ! መምህርቷ ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ቀበቶ አሠሩ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ተማሪ አውርዶት የሄደውን መስኮት አዩት። እጃቸውን ሰደዱና ሽቅብ ዘጉት። እስከ ላይ! እኔ ማዶ ቀይዋ ውስጥ ሆኜ አየሁ። ጋሽ ፍሬን «መሪ ወደ ቀኝ» ሊላቸው ዘንበል አለ። መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ታጠፈች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። አንድም ኮን አልተነካም! ጡሩምባዬን ለቀቅኩት፤ ተማሪዬ በድንጋጤ ሞተር አጠፋ።

የፈተናው ዕለት ሁለታችንም ሜዳው ዳር ቆምን። መምህርቷ ከፈታኙ ጋር ገቡ። ጋሽዬ «ፍሬን፣ ፍሬን» እያለ ያንሾካሹካል፤ ቀኝ እግሩ መሬቱን ይረግጣል። መኪናዋ ወደ ኋላ መጣች፣ ታጠፈች፣ ቆመች። ስድስቱም ኮኖች እንደቆሙ ናቸው! ፈታኙ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ ሰጣቸው፤ መምህርቷም ወረቀቱን በመስኮት አውጥተው አውለበለቡልን።

«አለፉ! አለፉ!» ጋሽ ፍሬን ዘሎ ተጠመጠመብኝ። እኔም በደስታ አብጄ ጆሮው ሥር «አልወርድም በላቸው! ከመኪናው አልወርድም በላቸው!» እያልኩ ጮህኩ።

ድንገት ለቀቀኝና ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ።

«ነገ ጠዋት ሐኪሟ ዘንድ እወስድሃለሁ» አለኝ።

«ማንን? እኔን? ምን ሆኜ?»

«አፍህ ይሸታል፣ ወንድሜ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ! ሰባት ወር አፍንጫዬን ሳዞርበት የኖርኩት ሰውዬ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ አላሳደረኝም።

በማግስቱ ነጯ መኪና ደጄ ላይ ቆማ ጡሩምባ ነፋች። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ገና በሩን ስዘጋ ጋሽ ፍሬን እየሳቀ በእሱ በኩል ያለውን መስኮት እስከ ታች አወረደው።