ሳንቃው የማን ነው

ክንዴ ፈሪ ነበር። ለመስደብ አይደለም እንዲህ የምለው፤ ጎንደር ቁስቋም ላይ ግድግዳ ለግድግዳ ኖረናልና አውቀዋለሁ። ውሻ ሲጮህ መንገድ ይቀይራል። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም "እኔንና ልጆቼን ትቶ አልጋ ሥር ይገባል" እያለች ሚስቱ ሸዋገነት ትስቅበት ነበር። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚባለው ለእሱ የተተረተ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ግን ኩንታል ኑግ ጀርባው ላይ ሲጭኑበት አንገቱን ሰበር አድርጎ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በነበረው የአቶ ውድነህ መጋዘን በጉልበት የሚስተካከለው ተሸካሚ አልነበረም።

እዚያ መጋዘን ጭነት የሚጫነው እንዲህ ነው። ማኪናው በሩ ፊት ይቆማል፤ ከመሬት እስከ ማኪናው ጫፍ አንድ ረጅም ሳንቃ ይጋደማል። ተሸካሚው ኩንታሉን ብቻውን አዝሎ በሳንቃው ላይ ይወጣል። ጆንያ ለሁለት መያዝ ነውር ነው። ለሁለት የያዘ ሰው "ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸከሙት?" እየተባለ እስከ ማታ ይሳቅበታል። አቶ ውድነህ ይህን ሳቅ ይወደው ነበር። አንቱ ሳልለው ብቀር አትፍረዱብኝ። ለምንስ አይወደውም፤ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ጀርባ ያሠራለታል።

ሳንቃው መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ክንዴ ስንጥቁ ላይ በደረሰ ቁጥር ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚሻገረው። አንድ ቀን እንደምንም ደፍሮ ለአቶ ውድነህ ነገረው። አቶ ውድነህ ሳንቃውን ዞሮ እንኳን አላየውም፤ ክንዴ ደግሞ የማይፈራው ምን አለ ብሎ ተሸካሚዎቹን አሳቃቸው። ስንጥቁን ሁሉም አይተውታል። ከፈሪ ጋር ላለመቆጠር ግን ሁሉም ሳቁ።

በሚያዝያ አንድ ጧት፣ ካፊያ ሳንቃውን አርጥቦት ሳለ፣ ከክንዴ እግር ሥር ለሁለት ተሰበረ። ክንዴ የማኪናውን ጎን ይዞ ተንጠልጥሎ ተረፈ። ኩንታሉ ግን ከታች ጎንበስ ብሎ ተራውን ሲጠብቅ በነበረው በባዬ ወገብ ላይ ወደቀ። ባዬ የኮሶዬ ገበሬ ነው፤ እርሻው ሲላላ ከተማ ወርዶ የሚሸከም። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሐኪም ቤት ቆየና የሚደረግለት ስለጠፋ በቃሬዛ ወደ አገሩ ወሰዱት።

ክንዴ ቤቱን ዘጋ። ባዬ ፋንታሁን የሚባል ወንድም አለው፤ ባለ ጠመንጃ ነው፤ ቃሉን እንደማያጥፍም አገር ያውቃል። ወንድሜ ከሞተ ደሙን ከማን እንደምጠይቅ አውቃለሁ ብሎ በገበያተኛ ላከበት። ያን ሰሞን የክንዴን በር ማንኳኳት ኃጢአት ነበር። እሳት ልጭር ሄጄ ሳንኳኳ ከውስጥ ዕቃ ሲወድቅና ሲሰበር እሰማ ነበር። እህል አልበላ አለው። ከኮሶዬ በኩል ሰው በመጣ ቁጥር የባዬን መርዶ የያዘ ይመስለውና ፊቱ ዐመድ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ጋር መፍራት ጀምሬ ነበር፤ ፍርሃት በግድግዳ ያልፋል።

እንዲህ እያለ አቶ ውድነህ አያ እንኳየሁ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ላከለት። መልእክቱ ሸጋ ነበር። በአገር ወግ ድንጋይ በማጅራትህ ተሸክመህ ከባዬ ደጅ ውደቅ፤ ቄስም ሽማግሌም አብረን እንሄዳለን፤ "ጥፋቱ የኔ ነው" ብለህ ለምን፤ ለዕርቁ የሚታረደውን ሙክት አቶ ውድነህ ይሰጣል፤ እነሱም ድንጋዩን ያነሡልሃል፤ ደሙም ይቀራል። ክንዴ በደስታ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

ሸዋገነት ግን ሙክቱ አላማራትም። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከፍርድ ቤቱ በር ተቀምጦ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ሰው ሄደች። ሰውየው ነገሩን አስረዳት። ንጉሡ ያወጡት ሕግ አለ፤ በሥራው ላይ ሳለ የተጎዳን ሠራተኛ የሚጦረው አሠሪው ነው፤ የተሰበረ ሳንቃ ያቀረበም፣ የሁለት ሰው ሸክም ለአንድ ያሸከመም ይጠየቃል። ነገር ግን ክንዴ በቄስና በሽማግሌ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው ካለ፣ አቶ ውድነህ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ምስክር ይቆጥርና ከዕዳው ለመውጣት ይሟገታል።

ይህን ስትነግረው ክንዴ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም እዚያው ነበርሁ። "ጥፋቱ የኔ ነው ካልሁ ባዬ ጧሪ አጥቶ ይሞታል፤ ካላልሁ እኔ በጥይት እሞታለሁ" አለ።

ኮሶዬ የሄድነው በማግስቱ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከባዬ ቤት ራቅ ብለን ክንዴ ድንጋዩን ተሸከመ። ኩንታል እንደ ገለባ የሚያነሣው ሰው በዚያች ድንጋይ ተንገዳገደ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙ፤ ሽማግሌዎቹና እኛ ተከተልን። ባዬ ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተጋድሟል። ፋንታሁን ጠመንጃውን እንዳነገተ ደጁ ላይ ቆሟል፤ እግዜር ይመስገንም አላለን።

ክንዴ ተንበረከከ። ቄሱ ስለ መድኃኔዓለም ብለው ለመኑ። ፋንታሁን እሱ ራሱ ይናገር አለ። አያ እንኳየሁም ቀስ ብለው፣ "በል ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው በል" አሉት። ክንዴ አፉን ከፈተ። ሱሪው ሲረጥብ አየሁ፤ ሁሉም አየ። ሸዋገነት ክንዴን ሳይሆን ጠመንጃውን ነበር የምታየው።

"ጆንያው ከኔ ጀርባ ነው የወደቀ" አለ ክንዴ መጨረሻ ላይ። "ስለ እሱ በእመብርሃን ይቅር በሉኝ። ሳንቃው ግን የኔ አይደለም። መሰንጠቁን ለአቶ ውድነህ ነግሬው ነበር፤ ሳቀብኝ።"

አያ እንኳየሁ ደንግጠው ሊያቋርጡት ሞከሩ። ፋንታሁን በእጁ ዝም አሰኛቸውና ወደ ወንድሙ ዞረ።

"እውነቱን ነው" አለ ባዬ። "እኔም አብሬ ስቄበታለሁ።"

ፋንታሁን ጠመንጃውን አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የክንዴን ነፍስ ይማር እያልሁ ነበር። ፋንታሁን ሁለት እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ከክንዴ ማጅራት አነሣና ይቅር ብዬሃለሁ አለው። ከዚያ ዞር ብሎ ድንጋዩን አያ እንኳየሁ እጅ ላይ አኖረው።

"ይህን ለሳንቃው ባለቤት ያድርሱልኝ" አለ። "ተሸክሞት እስኪመጣ እጠብቃለሁ።"

አቶ ውድነህ ድንጋይ ተሸክሞ ኮሶዬ አልወጣም። ባዬ ከሶት በፍርድ ቤት ጥሪ ግን ጎንደር ላይ ቀረበ፤ ባዬን ዕድሜ ልኩን እንዲጦር ተፈረደበት። ለምስክርነት የቆመው ክንዴ ነው። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ዳኛ አዝነውለት ተቀምጦ እንዲናገር ፈቀዱለት። እሱ ግን ከተቀመጥሁ ፈርቼ መነሣት ያቅተኛል ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆሞ ጨረሰው።